የላይኛው መደርደሪያ ዝሆን

የመጀመሪያው ቀን እትዬ አስካለ የሰጠችኝ ሥራ ጽጌረዳ መጠቅለል ነበር። ሱቋ አምቦ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ በአንድ ፀጉር ቤትና በአንድ የእህል መጋዘን መካከል ነበረች። የሠርግ አዳራሽ፣ የምርቃት መድረክ፣ ለቤተ ክርስቲያን በዓል የሚሰቀለውን ጌጥ ሁሉ እዚያ እንሠራ ነበር። ክሬፕ ወረቀቱን በአራት ጣት ስፋት ትቆርጫለሽ፤ ጫፉን በሁለት አውራ ጣትሽ ሳብ ሳብ ታደርጊዋለሽ፤ ከዚያ ከመሐል ጀምረሽ እየጠቀለልሽ ሥሩን በክር ታስሪዋለሽ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሃያ ሠራሁ። እትዬ አስካለ አንድ በአንድ እያነሳች አየችና አሥራ ሰባቱን ፈታችብኝ።

"ይሄ ጎመን ነው" አለችኝ። "ጽጌረዳ ነው የጠየቅኩሽ።"

ከዚያ በፊት ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ እተክል ነበር። መርፌ አውቃለሁ፤ ወረቀት አላውቅም። ወደ ቤት ስሄድ ከንዴቴ የተነሳ ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ነበር። በማግስቱ ተመለስኩ፤ ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነኝ።

በእኛ ሥራ ማዕረግ አለ። መጀመሪያ አበባ ትጠቀልያለሽ። ቀጥሎ ካተር ይሰጥሽና ፎም ትቆርጫለሽ። ቀጥሎ የሙቅ ማስቲሹን ሽጉጥ ትይዣለሽ። መሰላል ላይ ወጥቶ መስቀል የመጨረሻው ነው፤ ከላይ በደንብ ያልታሰረ ነገር የሚወድቀው ሙሽራ ላይ ነውና። እኔ መሰላል ላይ እስክወጣ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ማስቲሹ የጣቶቼን ጫፍ ጠብሶ ጠብሶ ዛሬ ትኩስ ብርጭቆ ብይዝ አይሰማኝም። ባለቤቴ ሻይ እንድቀዳለት ሲፈልግ ይህንን ነው የሚያነሳው።

ቤቢ ሻወር የሚባለው ነገር እኛ ሱቅ የገባው በስልክ ፎቶ ነው። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ስልኳን አወጣችና ለእትዬ አስካለ አሳየቻት። አዲስ አበባ እህቷ ቤት ተደግሶ አይታ ነው የመጣችው። ፎቶው ላይ የጫካ እንስሳት፣ ፊኛና የወረቀት ደመና ነበር። እትዬ አስካለ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ተመለከተች።

"ልጁ የታለ?"

"ገና አልተወለደም።"

"ታዲያ ለማን ነው የሚደገሰው?"

"ለሚመጣው ነዋ።"

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረችና "ጻፊ" አለችኝ። እኔም ደብተሩን አውጥቼ ጻፍኩ።

ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ከመርካቶ ፊኛ የሚያመጣልን መኪና አልገባም። ኔትወርክም ስላልነበረ ሌላ ፎቶ ማየት አልቻልንም። የነበረን ካርቶን፣ ጥጥ፣ ጆንያና ከሠርግ የተረፈ ሳቴን ብቻ ነው። ደመናውን ከካርቶን ቆርጠን ጥጥ ለጠፍንበት። ቀጭኔዋን ከጆንያ ሠራናት። የአንበሳው ጎፈር ከተተረተረ ገመድ ነበር። የሕፃን ዲኮር በእጅ መሥራት የጀመርነው እንግዲህ ቸግሮን ነው። በኋላ መንገዱ ሲከፈትም ደንበኞች ፊኛውን ትተው የእጅ ሥራውን ይጠይቁን ጀመር።

በድግሱ ዕለት መሰላል ላይ ወጥቼ እንስሳቱን ሰቀልኩ። ከሳቴኑ የሰፋናትን ጦጣ ነፍሰ ጡሯ ከምትቀመጥበት ወንበር ልክ ፊት ለፊት አደረግኳት፤ ከእንስሳቱ ሁሉ ያማረችው እሷ ነበረች። የባልየው እናት ገቡና ቀና ብለው አዩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ጦጣ ነው፣ አዴ።"

"ጦጣ መሆኑንማ አየሁ። በነፍሰ ጡር ፊት ጦጣ ይሰቀላል? ቀኑን ሙሉ እሱን ስታይ ውላ ምን ልትወልድልኝ ነው?"

ነፍሰ ጡር አፍጥጣ ያየችው ነገር በልጇ መልክ ላይ ይወጣል ሲባል እኔም ሰምቼ ያደግሁ ነኝ። ፎቶው ላይ ስላለ ብቻ ረስቼው ሠራሁት። ጦጣዋን አወረድኩና በቦታዋ የሠርግ ርግብ ሰቀልኩ። ከዚያ ወዲህ ጦጣና ጉጉት የሚል ትእዛዝ ሲመጣ አስቀድሜ "አማትሽ ያውቃሉ?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ግብዣው አልቆ ሰው ሲበተን እኒያው እናት እንደገና መጡ። ቁጣቸው በርዶ ነበር።

"ይሄ ሁሉ እዚህ አያድርም" አሉን። "ያልመጣ ልጅ ዕቃው ቀድሞት ቤት አይገባም። ውሰዱልኝ። ማሎ፣ እባካችሁ፣ በደንብ አስቀምጡት፤ ሲወለድ እንጠራችኋለን።"

ሁሉንም ፈትተን በካርቶን አስገባንና ሱቅ አመጣነው። ልጅቷ በሰላም ከተወለደች በኋላ ተጠራን፤ ሄደን አልጋዋ አናት ላይ ሰቀልንላት። ሌላም ቤት እንደዚያው ሆነ። ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም ለቤቢ ሻወሩ ቢስማማም ዕቃው ቤት እንዲያድር አይፈልግም። እኛም ልማዱን የሥራችን ደንብ አደረግነው። እትዬ አስካለ ከመስኮቱ በላይ ረጅም መደርደሪያ አሠራች። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የእናቲቱን ስም በወፍራም እስክሪብቶ እጽፋለሁ። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ቀና ካለ ስሞቹን ማንበብ ይችላል።

"ሲወለድ ይጠሩናል" አለችኝ እትዬ አስካለ። "እኛ አንደውልም።"

"ለምን? ቢረሱትስ?"

"ደውለሽ ምን ልትዪ ነው?"

ብዙዎቹ ይጠራሉ፤ አንዳንዶቹ አይጠሩም። ከመውለጃው ቀን ሁለት ወር ካለፈ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። በሕይወት ላልተወለደ ልጅ ድንኳን አይጣልም፤ ለቅሶ የሚቀመጥ የለም፤ ሰውም ደፍሮ አይጠይቅም። ሠርጉንና ምርቃቱን ሰቅዬ አውርጄ ደክሞኝ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ባልተጠራንባቸው ካርቶኖች ላይ ነው። ድካሙ ያኔ እጥፍ ይሆንብኛል።

ሲስተር ሌንሴ ጉደር የምትኖር፣ አምቦ የምትሠራ ነርስ ናት። ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ወደ እኛ መጣች። ከጫካው እንስሳት ሁሉ ዝሆን ብቻ ነው የፈለገችው፤ ዝሆንና ደመና። ከቦርሳዋ የታጠፈ ውኃ ሰማያዊ ጨርቅ አወጣች።

"ጆሮውን በዚህ ሥሪልኝ፣ እትዬ ወርቂቱ" አለችኝ። "ተማሪ ሆኜ የለበስኩት ዩኒፎርም ነው። ይሄን ለብሼ የሰው ልጅ ስቀበል፣ የራሴንስ መቼ ነው እያልኩ እመኝ ነበር።"

ዝሆኑን ከግራጫ ብርድ ልብስ ቆርጬ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ሞላሁበት። ልጅ አፉ ውስጥ ስለሚከተው ማስቲሽ አልነካሁትም፤ ሁሉንም በመርፌ ነው የሰፋሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከጨረስኩ በኋላ ሳየው ግራ ጆሮው ከቀኙ ሰፋ ብሏል። ልፈታው ስል ሌንሴ ደረሰች።

"ተይው" አለችኝ እየሳቀች። "የሰው ወሬ የሚሰማ ይመስላል። ጉደር እንዲህ ያለ ጆሮ ያስፈልገዋል።"

የጸሎት ቡድኗ ሴቶች ዘምረው፣ ጸልየው፣ ኬክ ተቆርሶ ተበተኑ። ዝሆኑን ከነደመናው በካርቶን ይዤ ተመለስኩ። "ሌንሴ፣ ጉደር" ብዬ ጻፍኩበት።

አልተጠራሁም። ሁለት ወር አለፈ፤ ዓመትም አለፈ። አንድ ቀን ሚኒባስ መሳፈሪያው ጋ ተገናኘን። "አካም ጂርታ፣ ሲስተር?" አልኳት። "ፋያ፣ ደህና ነኝ፤ አንቺስ?" አለችኝ። ስለ ልጅ አልጠየቅኳትም፤ ስለ ካርቶኑ አልጠየቀችኝም። እየተሳሳምን ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ተለያየን።

ከዚያ እትዬ አስካለ ዓይኗ ደከመና የሱቁን ቁልፍ ለእኔ ሰጠችኝ። እሷ በር ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች፤ ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ። ደንበኛ ሁሉ የሚቸኩል፣ ሁሉም ቅዳሜ የሚፈልግ ሆነብኝ። በአንድ ሳምንት ሁለት ሠርግና አንድ ምርቃት ይዤ ሳለሁ ሰሚራ መጣች። ባሏ ከደቡብ መጥቶ አምቦ ጨርቅ የሚነግድ ነው፤ ለሠርጋችን ሳቴን የምንገዛው ከእነሱ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። "ዝሆን እፈልጋለሁ" አለችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኳት።

ዝሆን ለመስፋት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሦስት ቀን አልነበረኝም። ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። የሌንሴ ካርቶን ሁለት ዓመት አልፎታል። ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል አልኩና አወረድኩት። ዝሆኑ ምንም አልሆነም ነበር። ጆሮውን ለመቀየር ቢጫ ጨርቅ ቆርጬ መርፌው ላይ ክር ሁሉ አስገብቼ ነበር። ወገቤን አመመኝ። የዝሆን ጆሮ ማን ያያል ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ሰሚራ ቤት መሰላል ላይ ሆኜ የመጨረሻውን ደመና ሳስር ሌንሴ ገባች። ለካ የሰሚራን እርግዝና የምትከታተለው እሷ ኖራለች፤ እንደ ክብር እንግዳ ነው የተጠራችው። ዝሆኑ ከበሩ ፊት ለፊት ነበር። በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች። ግራ ጆሮውን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ሲባጎ በጥርሴ ይዤ ነበር። እሷም ጆሮውን ለቀቀችው። ተቀመጠች፣ አጨበጨበች፣ ኬኩን ቀመሰች፣ ሰሚራን "በሰላም ተገላገዪ" ብላ አቀፈቻት። ከሁሉም ቀድማ ወጣች።

ዝሆኑን ያኔ መቀየር እችል ነበር፤ ሰሚራ እስክትወልድ ድረስ እኛው ሱቅ ነበር የተቀመጠው። ግን ነገ ነገ እያልኩ፣ ምናልባት ረስታዋለች ብዬ ራሴን እያታለልኩ ቀናቱን አሳለፍኩ። ሰሚራ ወንድ ልጅ ወለደች። ተጠራሁና ዝሆኑን አልጋው አናት ላይ ሰቀልኩለት።

ልጁ አምስተኛ ወሩን ሲይዝ ሌንሴ ሱቅ መጣች። እትዬ አስካለ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ተቀምጣለች።

"ካርቶኔን አውርጂልኝ" አለችኝ።

አወረድኩላት። ክዳኑን ራሷ ከፈተችው። ደመናው አለ። ሌላ የለም።

"ሳትጠሪኝ ስትቀሪ የማትፈልጊው መስሎኝ ነው" አልኳት። ስናገረው ራሴን ጠላሁት።

"አልጠራሁሽም። ምን ብዬ ልጥራሽ?" ድምጿ ከፍ አላለም። "እትዬ ወርቂቱ፣ ልጄን አላሳዩኝም። ወንዶቹ ወስደው ቀበሩት። የት እንደሆነ ስጠይቅ ለአንቺ አይበጅሽም አሉኝ። እኔም በሥራዬ ለሰው እንደዚያው ስል የኖርኩ ነኝ። የእሱ የምለው ነገር የቀረኝ እዚህ ነበር። በባጃጅ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ስሜን አያለሁ፤ አለ እላለሁ፤ እሄዳለሁ። ለካ ባዶ ካርቶን ነው የማየው።"

"ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"

"የሰሚራ ሆድ ላይ ሐዘኔን ላራግፍ? በሰላም እስክትገላገል ጠበቅኩ። ልጇም ጠና። አሁን ዝሆኔን ስጪኝ።"

እትዬ አስካለ ከወንበሯ ሳትነሳ "ሂጂ አምጪው" አለችኝ። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌንሴን ጉደር ድረስ አመጣልሻለሁ ብዬ ሸኘኋትና በዚያው ሰዓት ሰሚራ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ምን እንዳደረግሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሰሚራ ብዙ አልጠየቀችኝም።

"ለዚህ ነዋ ሲስተር ጆሮውን ይዛ የቆመችው" አለች። "እኔ ወዳው መስሎኝ አንድ አሠርቼ ልሰጣት አስቤ ነበር። ያ አላህ!"

ወደ ውስጥ ገባች። ልጁ ተኝቷል። ዝሆኑን ከሰቀልኩበት አውርዳው ኖራለች፤ ልጁ ጆሮውን አፉ ውስጥ ከትቶ ነው የሚተኛው። ቀስ ብላ ከአፉ አላቀቀችና ሰጠችኝ። ጆሮው በምራቅ ርሶ ነበር።

"ሲነቃ ይጮሃል" አለችኝ። "ይጩህ። ሂጂ ቶሎ።"

የጉደር ሚኒባስ ውስጥ ዝሆኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ኦቦ "ይሄ ደግሞ የት ነው የሚወርደው?" ብለው ሰውን አሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሌንሴ ቤቷ ብቻዋን ነበረች። ዝሆኑን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ግራ ጆሮውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ቆየች።

"ወተት ወተት ይሸታል" አለች።

ከዚያ አለቀሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰችውን ነው መሰለኝ ያለቀሰችው። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የማባበል መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ሲወጣላት "አጥቤ ላምጣልሽ?" አልኳት።

"እንዳታጥቢው።"

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ከዚያው ከውኃ ሰማያዊው ዩኒፎርሟ የተረፈውን ጨርቅና መቀስ ይዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሁለት ጆሮ ቆረጠች።

"የሰሚራ ልጅ ዛሬ አልቅሶ ያድራል" አለችኝ። "ሌላ ሥሪለት። ጆሮውን በዚህ አድርጊለት፤ አፉ የለመደው ጨርቅ ነው።"

"ያንቺስ?"

"የእኔን ካርቶኑ ውስጥ መልሺልኝ። ቤት አይደር። ስፈልገው እጠራሻለሁ።"

በማግስቱ የነበረብኝን የምርቃት መድረክ ለሌላ ባለሙያ አሳልፌ ሰጠሁና ለሰሚራ ልጅ ሌላ ዝሆን ሰፋሁለት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ግራ ጆሮውን ሆን ብዬ ሰፋ አደረግሁት። ሰሚራ እንደነገረችኝ ልጁ ተቀብሎ አገላብጦ ካየው በኋላ ጆሮውን አፉ ውስጥ ከተተና ተኛ።

አሁን መሰላል አልወጣም፤ ጉልበቴ አይችልም። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ይሠራሉ፤ በመጀመሪያው ቀናቸው የጠቀለሉትን ጽጌረዳ እኔም ፈትቼባቸዋለሁ። ከዚያ መደርደሪያውን አሳየኋቸው። የሌንሴን ካርቶን ከመንገድ በደንብ እንዲታይ ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ፤ ስሟንም በትልቁ ጽፌበታለሁ። ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ ሲያልፍ በሰማሁ ቁጥር እጄ ሥራ ላይ እያለ ቀና እላለሁ። እስካሁን አልጠራችኝም።

ለሠራተኞቼ የነገርኳቸውን እዚህም ልጻፈው። ባለቤቱ ሳይጠራ ካርቶን አይከፈትም፤ ዓመት ይለፈው፣ አሥር ዓመት ይለፈው። ለመሥራት ጊዜ ከሌላችሁ ትእዛዙን አትቀበሉ።